ማክሰኞ በስንት ፊደል ይጻፋል?

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

ሻይ። ዳቦ። የቲቸር መድኃኒት፣ ሁለት ነጭ አንድ ቢጫ። መስኮት ከፈትኩ፣ በረዳት፣ ዘጋሁ።

አራት ሰዓት ላይ የንግግር ሐኪሟ ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ አለች። እንደ ወትሮው ሰኞና ሐሙስ፣ አርባ አምስት ደቂቃ። ዛሬ ሥዕል ነበር። ማንኪያ አሳየቻት። «ይሄ ምንድን ነው?» ቲቸር አየችው፣ አየችው... የአንገቷ ጅማት ሁሉ ተገተረ። «ማክሰኞ» አለች። ቁልፍ አሳየቻት። «ማክሰኞ።» ድመት። «ማክሰኞ!» አሁን ተናዳ።

ከስምንት ወር በፊት ያ ስትሮክ ደረጃው ላይ ሲጥላት ቀኝ እጇንና ቃላቷን ጠራርጎ ወሰደ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ማክሰኞን ብቻ ተወላት። ለውኃም ማክሰኞ፣ ለሕመምም ማክሰኞ፣ እኔን ስትጠራም ማክሰኞ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት! ሠፈሩ ዛሬም ቲቸር ነው የሚላት። እኔ ባሏም ጭምር።

የምንላትማ ሁሉም ይገባታል። ይሄን ለሰው ማስረዳት ነው የሚያደክመው። ሰው ይመጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያናግራታል፣ ጆሮዋ የጠፋ ይመስል።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይመልሱላት እንጂ» አለችኝ ሐኪሟ። ለካ «ማንኪያ» ያልኩት እኔ ነኝ። አላወቅኩም። አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ የሰው ስሕተት ስለቅም ኖሬ፣ አሁን ዝምታ ከየት ይምጣልኝ?

ሲያልቅ የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ቢጫ ጽሑፍ ወጣ። የቪዲዮ ፕሮግራሙ ከረቡዕ ጀምሮ በዚህ አሮጌ ሲስተም «አይሰራም» ይላል። በንጉሡ ሠ መሆን ሲገባው በእሳቱ ሰ ጽፎት። ፊደሉን ማረም ይቻል ነበር፣ ነገሩን ግን ማን ያርመው? ለቀጭኑ ደወልኩ። የድሮ የሥራ ጓደኛዬ ነው፣ ኮምፒውተር ያውቃል። ነገ እመጣለሁ አለ።


ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቲቸር የምትለው ሁሉ ልክ ነው። ጠዋት «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አልኳት። «ማክሰኞ።» «ጎበዝ!» ሣቀች። ሣቋ እንኳ አልተነካም፣ ተመስገን ነው።

ቀጭኑ ከሰዓት መጣ። ማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ ነበር። ስሙ የወጣለት የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ነው። አሁን በራችን ላይ ሲደርስ ጎኑን አዙሮ ነው የሚገባው፣ ስሙን ግን ማንም አልቀየረለትም። እሱም እኔን ያኔ ባወጣልኝ ስም ነው እስከ ዛሬ የሚጠራኝ፦ ጋሽ አራት ነጥብ። አራት ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር በእጄ አልፎ ስለማያውቅ።

አዲሱን ሲስተም በፍላሽ ይዞ መጣ። በነፃ ነው፣ አይከብድም፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይፈጥናል አለ። ቲቸር ወንበሯ ላይ ሆና እያንዳንዷን ነገር ስትከታተል ዋለች። ድሮ ይሄ ሁሉ የእሷ ሥራ ነበር። ኮምፒውተሩ፣ ኢንተርኔቱ፣ ፊውዝ ሳይቀር። እኔ አምፖል ሲቃጠል እንኳ እሷን ነበር የምጣራው።

«እዚህ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይሁን?» አለኝ ቀጭኑ።

«ፎቶዎቹን ገልብጠሃል?»

«ገልብጫለሁ። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ታውቀዋለህ አይደል?»

«ኢንተርኔቱን የምታመጣው ሣጥን ጀርባ ላይ ተለጥፏል» አልኩት በሙሉ ልብ። ቲቸር ወንበሯ ላይ ተንቀሳቀሰች። «ማክሰኞ» አለች። «አዎ ዛሬ ማክሰኞ ነው» አልኳት። አዲሱ ሲስተም ተጫነ።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ያዝኩ። የቁልፍ ሰሌዳው በአማርኛ ይነሣ። የትኛውም መስኮት ሲከፈት መጀመሪያ አማርኛ ይሁን፣ እንግሊዝኛ ሲያስፈልገኝ እኔው አዞራለሁ። «ጋሽ አራት ነጥብ፣ ይቅርብህ፣ ትቸገራለህ» አለኝ። ወይ ፍንክች! ቤቴ የገባ ዕቃ ፊደሌን ይወቅ እንጂ። ትከሻውን ነቀነቀና አደረገልኝ።

ሲያልቅ አማረ። ንጹሕ፣ ፈጣን። ግን ኢንተርኔት የለም። ያቺ የዋይፋይ ምልክት ደብዝዛ አይደለም፣ ጭራሽ የለችም። ቀጭኑ ማጅራቱን አከከ፣ ሰዓቱን አየ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ተነሣ። «ነገ እደውልልሃለሁ።»

ሐሙስ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው...


ጥቅምት 7፣ ረቡዕ

ደወለ።

«የዋይፋይዋ ካርድ ድራይቨር የላትም» አለኝ።

«ሹፌር ነው የምትለኝ?»

«ሹፌር በለው፣ አልተሳሳትክም። ካርዷ አለች፣ የሚነዳት ፕሮግራም ነው የሌለው። ከኢንተርኔት ይወርዳል።»

«ኢንተርኔት የለኝም እኮ ነው የምልህ!»

ሁለታችንም ሣቅን። ኢንተርኔት ለማስገባት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። በገመድ አገናኘው አለኝ። የገመዱን ቀዳዳ ባለፈው ዝናብ መብረቅ አቃጥሎታል። በስልክህስ? የእኔ ስልክ ቁልፍ እየተጫኑ የሚደውሉባት ናት፣ ዋይፋይ ምን እንደሆነ አታውቅም። የቲቸር ስልክ ያን ቀን ደረጃው ላይ አብሯት ወድቆ ተሰባብሯል።

በመጨረሻ እንዲህ ተባባልን። ፋይሉን እሱ ያወርዳል፣ ፍላሽ ላይ ያደርጋል፣ በሠፈራችን የሚያልፍ አንድ የሚያውቀው አውቶቡስ ነጂ አለ፣ ዓርብ ጠዋት ያደርስልኛል። ሹፌሩን በሹፌር ሊልክልኝ ነው።


ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

አራት ሰዓት ሆነ። ቲቸር ፀጉሯን አበጥራ፣ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ አለች። አይሠራም አልኳት። አልተነሣችም። አርባ አምስት ደቂቃ ባዶውን የኮምፒውተር መስኮት ስታይ ቆየችና ተነሣች።

ለሐኪሟ ደወልኩ። እሷ ያለችበት ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ቲቸር ደግሞ ሦስት ፎቅ ደረጃ መውረድ አትችልም። በድምፅ ብቻ አይሆንም አለች፣ የቲቸርን አፍ እንቅስቃሴ ማየት አለባት። በሰው ስልክ? በዚያ ትንሽ መስኮት አንድ ጊዜ ሞክረን ነበር፣ ቲቸር ከዓይኗም የቀኙ ወገን ስለሄደ የሐኪሟን ግማሽ ፊት ብቻ ነበር ያየችው።

ከዚያ ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እንዳልደብቅዎት። በተከታታይ ሦስት ቀጠሮ ያመለጠው ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ነው የሚሰጠው። መሥሪያ ቤቱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። አንዷ ዛሬ ተቆጠረች።»

«ተጠባባቂው ብዙ ነው?»

«የዓመት ነው።»

የዓመት... ሐኪሞቹ ሁሉ የሚሉት የመጀመሪያው ዓመት ነው ዋናው፣ ከዚያ ወዲያ የሚመለስ ቃል በጣም ጥቂት ነው። ስምንት ወሩ አልቋል። ለቲቸር አልነገርኳትም። ፊቴን አይታ ግን ገብቷታል መሰለኝ፣ ሾርባዋን አልጨረሰችም።


ጥቅምት 9፣ ዓርብ

ፍላሹ መጣ! ነጂው ሞተር ሳያጠፋ በመስኮት ወረወረልኝ። ልብ አይዘልም እንጂ የእኔ ሊዘል ምንም አልቀረው።

ቀጭኑ በስልክ፣ እኔ በቁልፍ ሰሌዳ። ጥቁር መስኮት አስከፈተኝ። እንደ ልማዱ አማርኛ ጻፈ፣ ወደ እንግሊዝኛ አዞርኩት። «ሱዶ በል» አለኝ። ሱዶ ምንድን ነው? «በአለቃ ሥልጣን አድርግ ማለት ነው።» ደስ አለኝ። አርባ ዓመት ሠርቼ አንድ ቀን በአለቃ ሥልጣን አዝዤ አላውቅም።

ረጅም መስመር ነበር። ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ነጥብ፣ ክፍተት። መታሁት፤ እምቢ። እንደገና። እምቢ። ሦስተኛ። «ፊደል ተሳስተሃል» አለኝ። እኔ? ፊደል? ቆሽቴ አረረ። መነጽሬን ጠርጌ እንደ ድሮው ከኋላ ወደ ፊት አነበብኩት። ስሕተት ሲፈለግ ከኋላ ነው የሚነበበው፣ ትርጉሙ እንዳያታልል። አገኘሁት። ዜሮ መሆን ያለባትን ኦ ብዬአታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ቀጭኑ በስልኩ ውስጥ ሲንከተከት ይሰማኛል።

አስተካከልኩ። ጥቁሩ መስኮት ብዙ ለፈለፈ። ጠፍቶ ተነሣ። ከላይ በጥጉ በኩል ያቺ ምልክት! ስነካት የጎረቤቱ ዋይፋይ ሁሉ ስሙን ዘረገፈ። አንዱ ራሱን «ሌባ አይወደኝም» ብሎ ሰይሟል። የእኛም አለ፣ ከሁሉ በላይ። ነካሁት። የይለፍ ቃል አለኝ። ሣጥኗን ገልብጬ ጀርባዋ ላይ ያለውን አንድ በአንድ አስገባሁ፣ በጥቋቁር ነጥብ እየተሸፈነ። ተቀባይነት የለውም።

አራት ጊዜ። የለውም።

ቲቸር በግራ እጇ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች፣ ወደ ራሷ ጠቆመች። «ማክሰኞ» አለች። ያን ጊዜ ገባኝ... ቃሉን ለውጣዋለች። ሣጥኗ የገባች ሰሞን ለውጣዋለች፣ አሮጌው ሲስተም ያስታውሰው ስለነበር እኔ ጠይቄያት አላውቅም። ያን ሲስተም ደግሞ እኔው አስጠፋሁት። ቀጭኑ ሲጠይቀኝም ልትነግረኝ ሞክራ ነበር፣ እኔ ቀኑን ነው የነገርኳት።

ቃሉን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ቃል የላትም። ወይ ጣጣ!


ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ

«ምን ብለሽ ነበር ያስገባሽው?»

«ማክሰኞ።»

እኔስ ብሆን ምን አስቤ ነው የምጠይቃት? ግን በኋላ ሻይ እያፈላሁ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ምናልባት እውነቷን ቢሆንስ? ከቃል ሁሉ መርጦ ማክሰኞ የቀረላት በየቀኑ አእምሮዋ ውስጥ የነበረ ቃል ስለሆነ ቢሆንስ?

ተቀመጥኩ። ጉዱ ያኔ ጀመረ። ማክሰኞ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት ይጻፋል? «ኞ»ን ማን ወስኖታል? አንዱ gno ይላል፣ አንዱ nyo፣ አንዱ nio፣ ቀጭኑ ደግሞ ሁለት n ነው የሚያደርገው። ክ ላይ i ይግባ አይግባ? ሰ በ e ነው በ a? ወረቀት አወጣሁ፣ በተራ ጻፍኩ። maksegno. maksenyo. makisegno. maksanio... አሥራ አራት ዓይነት ማክሰኞ! በገዛ ፊደላችን አራት ሆሄ ናት፣ አለቀ ደቀቀ። ለዚህ ነው እኮ...

አሥራ አራቱንም ሞከርኩ። አንዱም አልሆነም።

ቲቸር አጠገቤ ሆና ወረቀቱን አየች። መጀመሪያ ግራ ገባት፣ ከዚያ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገባትና በሣቅ ፈረሰች። እንባዋ እስኪወርድ። እኔም። ለዚያች ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ነበር።


ጥቅምት 11፣ እሑድ

መጥፎ ቀን። ጥፋቱ የእኔ።

ከእኛ በታች ያለችው ልብስ ሰፊ ጉዳያችንን ሰምታ ወጣች። ጣቷ ላይ ክር እንደተጠመጠመ። «ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል፣ የእኔን ይጠቀሙ። እዚህ ድረስ ይደርሳል።» ቃሉን ፊደል በፊደል አስጻፈችኝ፣ የልጇ ስም ነው። መልሼ አነበብኩላት። ትክክል አለች። አስገባሁት። ተቀባይነት የለውም።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የወለድኩትን ልጅ ስም ልርሳ እንዴ?»

ሁለቴ፣ ሦስቴ። እምቢ። ደሜ ፈላ። ሰው ሰጠሁ ለማለት ብቻ የሚሰጥ መሰለኝ። «መስጠት ካልፈለግሽ ፊት ለፊት መናገር ነው እንግዲህ» አልኳት።

ክሩን ከጣቷ ፈታችው። «እኔ ጨርቅ ነው የምሰፋው ጋሼ። ውሸት አልሰፋም።» ወረደች። በሩን እንኳ ሳትወረውር ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ቲቸር ቀኑን ሙሉ ፊቷን አዞረችብኝ።


ጥቅምት 12፣ ሰኞ

ሁለተኛው ቀጠሮ አለፈ። ሐሙስ ሦስተኛው ነው።

በአራት ሰዓት፣ ልክ ሐኪሟ ብቅ በምትልበት ሰዓት፣ ቲቸር የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ራሷ ሳበች። በግራ እጇ። እንዴት ይሄ ሐሳብ ለእኔ አልመጣልኝም? አፏ ባይችል ጣቷ ይችል ይሆናል እኮ! ከዚያ አየችኝና በአገጯ ወደ መስኮቱ አመለከተችኝ። ፊትህን አዙር ማለቷ ነው። ፈተና ስታወጣ እንደምታደርገው፣ ጠረጴዛውን በክንዷ ከልላ። የገዛ ባሏ እንዳይኮርጅ!

አዞርኩ። የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቀስ ብሎ፣ ሳያመነታ። ዞር ስል፣ ተቀባይነት የለውም።

እንደገና ሞከረች። እንደገና አዞርኩ። የለውም። ሦስተኛ ሞከረች። የለውም ሲላት ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው። «ማክሰኞ! ማክሰኞ! ማክሰኞ!» ጮኸች።

«በቃ ተይው፣ በቃ» ብዬ የቁልፍ ሰሌዳውን ወሰድኩባት። መደርደሪያው ላይ፣ እጇ በማይደርስበት አስቀመጥኩት።

ከእሷም ጠፍቷል። አፏ ላይ ብቻ ነው የጠፋው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር፣ ከውስጥም ሄዷል። ፈራሁ። ስምንት ወር ሙሉ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።


ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

ኢንተርኔቱን ላስገባልን ድርጅት ደወልኩ። ሣጥኗን በመርፌ ወግቶ ወደ መጀመሪያው መመለስ ይቻላል፣ ግን ከዚያ ወዲያ ባለሙያ መጥቶ ካላስተካከላት በባዶዋ ነው የምትቀረው አለችኝ ስልክ ያነሣችው ልጅ። ባለሙያው መቼ ይመጣል? በሦስት ሳምንት።

ቲቸር ዛሬ ምንም አልተናገረችም። ማክሰኞን እንኳ። በቀኗ።


ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

ቀስ ብዬ ልጻፍ። ከደስታዬ የተነሣ እንዳልሳሳት።

ጠዋት ከቁርስ በኋላ ተነሥታ፣ ግድግዳውን ይዛ፣ መደርደሪያው ሥር ሄዳ ቆመች። ወደ ላይ ጠቆመች። የቁልፍ ሰሌዳው ነው። «ተይ እንጂ፣ ምን ይጠቅምሻል» አልኳት። ንቅንቅ አላለችም። ይቺ ሴት አንድ ተማሪ ማካፈል እስኪገባው ድረስ ደወል ተደውሎ ክፍል የማትለቅ ነበረች። አወረድኩላት።

በአገጯ ወደ መስኮቱ አመለከተችኝ። «እጅሽን አላይም፣ ቃሌ ነው፣ ኮምፒውተሩን ግን ልይ» አልኳት። አሰበች። እሺ አለች በጭንቅላቷ። በክንዷ ከለለች። እኔ ነጥቦቹ ላይ አፈጠጥኩ።

ቀጭ። አንድ ነጥብ። ቀጭ። ነጥብ የለም። ቀጭ። ሁለተኛ ነጥብ። ቀጭ... የለም።

ሆሄ መቁጠር የኖርኩበት ሥራ ነው። መስመር ሲረዝም፣ ርዕስ ሲጠብ፣ አለቃው «ስንት ሆሄ ነው?» ሲለኝ ሳላየው የምመልስ ሰው ነበርኩ። ጆሮዬ ዘጠኝ ቆጠረ። ዓይኔ አምስት ነጥብ አየ። ዘጠኝ ተመቶ እንዴት አምስት ይወጣል? አንዳንዱን ቁልፍ በደንብ አልተጫነችው ይሆን? የለም፣ እያንዳንዱ ጮኋል። ሁለት ምት አንድ ሆሄ፣ ሁለት ምት አንድ ሆሄ... እንዲህ የሚጽፍ ምን አለ?

ምን አለ? አማርኛ አለ! ለ ለማለት ሁለት ቁልፍ ነው፤ ል ይመጣል፣ ቀጥሎ ያቺው ለ ትሆናለች። አንድ ሆሄ። አንድ ነጥብ!

የቁልፍ ሰሌዳው አማርኛ ነው። ጥቁሩን መስኮት ወደ እንግሊዝኛ አዞርኩት እንጂ ይሄኛው አዲስ መስኮት ነው፤ አዲስ መስኮት ሁሉ በአማርኛ ይከፈታል። ማን አዘዘ? እኔ! ቀጭኑ ይቅርብህ ሲለኝ እምቢ ብዬ ያዘዝኩት እኔ! ነጥብ ስለሸፈነው አይታይም። የሣጥኗ ጀርባ ቃል፣ አሥራ አራቱ ማክሰኞ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ስም፣ ሁሉም በአማርኛ ፊደል ነው የገባው። ሰኞ ዕለት ቲቸር ሦስቴ የመታችውም።

ሰማይ ምድሩ ዞረብኝ። ትክክል ነበረች። ሦስቱንም ጊዜ ትክክል ነበረች! ያ ሁሉ ጩኸቷ «እኔ አልተሳሳትኩም» ነበር። እኔ ደግሞ ሰሌዳውን ነጥቄ ሰቀልኩባት።

ምንም ሳልናገር ነጥቦቹን አጠፋሁ። ወደ እንግሊዝኛ አዞርኩ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ እባክሽ።» አየችኝ። እንባዬን አይታለች። መታችው። ዘጠኝ ድምፅ፣ ዘጠኝ ነጥብ። ገባ! ያቺ ምልክት ሞላች።

እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሰሌዳውን፣ ፊደሉን፣ ጠፍቶባታል ብዬ እዚህ መጻፌን ሳይቀር። መጀመሪያ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። ጥሩ አድርጋ። ከዚያ ራሴን ደባበሰችኝ።

ለቀጭኑ ደወልኩ። «የይለፍ ቃሉ ጎን ትንሽ የዓይን ምልክት አለች፣ ብትነካት ኖሮ የምትጽፈው ይታይህ ነበር» አለኝ። ለምን አልነገርከኝም? «መች ጠየቅከኝ? አሁንም ገብተህ ቃሉን ማየት ትችላለህ፣ ላሳይህ?» ቲቸርን አየኋት። ሰምታለች። መዳፏን የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አድርጋ ከለለችው። «ይቅር፣ አልፈልግም» አልኩት። የቤቱ ኢንተርኔት ቁልፍ እሷ ጋ ይሁን።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ወረድኩ። ደረጃው እንደዛሬ ረዝሞብኝ አያውቅም። አማርኛ ሆኖብኝ ነው፣ አንቺ ምንም አልዋሸሽም፣ ክፉ ተናግሬሻለሁ አልኳት። የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ሰማችኝ። «ግድ የለም ጋሼ» አለች። ግድማ አለው። ስወጣ ግን «ቲቸርን ሰላም በሉልኝ» ስትል ሰማኋት።


ጥቅምት 15፣ ሐሙስ

አራት ሰዓት። ሐኪሟ ብቅ አለች፣ ትልቅ ሆና፣ ሙሉ ፊቷ። «እሰይ! እሰይ! ተስፋ ቆርጬ ነበር እኮ። ማነው ያስተካከለው?»

እኔ አፌን ከፈትኩ። የማወራው ሞልቶኛል፤ ሹፌሩን፣ ዜሮዋን፣ ነጥቦቹን፣ አሥራ አራቱን... «ይኸውልሽ ልጄ፣ ነገሩ...» ስል ቲቸር ግራ እጇን አነሣችና አፌን ያዘችው። በሙሉ መዳፏ። ግዴን ዝም አልኩ።

ቲቸር ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። የአንገቷ ጅማት ተገተረ። ማክሰኞ ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። ረጅም ጊዜ ነው የወሰደባት። መሐል ላይ ላግዛት አሰኝቶኝ ነበር፣ መዳፏ ባይኖር።

«እኔ» አለች።

ሐኪሟ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ማነው ያሉኝ?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ!» አለች ቲቸር፣ ሁለቴ ሲነገረው ያልገባውን ተማሪ እንደምትቆጣው። ከዚያ ራሷ የሰማችው ያኔ ነው መሰለኝ፣ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። አለቀስኩ። አልደበቅኩም።

ቀኑን ሙሉ መልሱ «እኔ» የሆነ ጥያቄ ስፈልግ ዋልኩ። እየጠየቅኩ መጠበቅ ነው ሥራዬ፣ ቢዘገይም መጠበቅ። ሻይ ማን ፈለገ? እኔ። መስኮቱ ተከፍቶ የበረደው ማነው? እኔ። የደከመው? እኔ። ከሁለታችን ጎበዙ ማን... ይቺን ሳልጨርሳት መለሰች።